ሦስት መስመር

ጉልበቴ ነው መጀመሪያ የጠየቀኝ፦
«ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ስታነብ፣
ዳገት ስታስወጣኝ፣ ቁልቁል ስትሰደኝ፣
አንድ ቀን ስለ ጎማ አስበህ ታውቃለህ?» አለኝ።

የመሥሪያ ቤት ሞተር ነበረችን፣ እውነት፤
ግማሽ ቀን የቤንዚን ወረፋ፣ ግማሽ ቀን ጩኸት።
እኔ ሳልደርስ ወሬዬ ይደርሳል፣
የሰፈሩ ውሻ በየተራው ሊቀበል ይወጣል።

ቁጠባዬን ቋጥሬ ፒያሳ ሄድኩ።
አንዳርጌ ቀይዋን ከሱቁ ጎትቶ፦
«ይቺ ናት! ስክሪን አላት፣ ሙዚቃ ትጫወታለች፣
ሽቅብ ስትል ባጃጅ ትቀድማለች።»
ጎንበስ ብዬ ባትሪዋን ፈለግሁ፣
ሆዷ ውስጥ ተበይዳ አገኘሁ።
«እንግዲህ ማታ ማታ፣» አልኩት፣ «እንደ ሙሽራ
አዝያት ልወጣ ነው? ሁለተኛ ፎቅ፣
በዚያ ጠባብ ደረጃ፣ ያለ ሚዜ?»

ጥግ ላይ ግራጫዋ፣ አቧራ ለብሳ፣
ገዢ ያልጠየቃት፣ መሪዋን አጎንብሳ።
ባትሪዋ እንደ ሳጥን ተነቅላ ትወጣለች፣
ፔዳሏም የምር ነው፣ ከረገጧት ትሄዳለች።
«የአዘዞን ዳገት ትችላለች ወይ?»
አንዳርጌ አንገቱን አከከ፣ ሰማይ አየ፤
«ከረዳሃት ትችላለች።»
ለዚህች መልስ ነው የገዛኋት፤
ከሻጭ አፍ ሾልካ ያመለጠች እውነት ናት።
ዋጋ አልተከራከርኩም።
ማለቴ፣ ብዙ አልተከራከርኩም።

አከራዬ ወይዘሮ አስረበብ ሰምተው
«በኔ መብራት ልትጋልብ ነው?»
የሰው ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ የኔው ተነበበ፤
በወር ይህን ያህል ተባለ፣ ነገሩ ረገበ።
ባትሪዋ አልጋዬ ሥር አረንጓዴ ዓይኗን ገልጣ አመሸች፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ሲሄድ ጨፈነች።
ጎህ ሲቀድ ሦስት መስመር፣ ከአምስቱ።
ሦስት መስመር ስንት ነው? ጭኔ ያውቀዋል ስሌቱን፦
ማራኪ ደርሶ መልስ አንድ፣ ቅዳሜ ገበያ ግማሽ፣
ቁስቋም ከሆነ ግን ይቅርታ፣
ከላብህ ታዋጣለህ።

ዝምታዋን ግን ማንም አልነገረኝም።
አህያ ገሸሽ አትልልኝም፣ አትሰማኝም፤
ወሬ የያዙ ሰዎች መንገድ መሃል ቆመው
ደወል እስክመታ፣ ሐሜቱ ጆሮዬ ገብቶ ያልቃል፦
የማን ልጅ እንደታጨች፣ ማን አጥር እንደገፋ፣
ሳልፈልገው የሰው ጓዳ በጆሮዬ ተከፈተ።

አንድ የካቲት ማለዳ፣ ከቀሐ ድልድይ አለፍ ብሎ፣
ሞተሯን አጥፍቼ ቁልቁል ስንሸራተት
ከአስፋልቱ ሥር አንድ ነገር ሹክ አለ።
ቆምኩ። ተንበረከክሁ። ጆሮዬን መሬት ላይ ጣልኩ።
ውሃ ነው።
የኛው ውሃ፣
ስምንት ወር መዝገብ ላይ «የባከነ» ብለን የጻፍነው፣
ሰፈሩ ቢጫ ጄሪካን ደርድሮ የጠበቀው፣
እዚሁ፣ ከእግራችን ሥር፣ ማንም ሳያነበው ይሄዳል።
በሞተሯ መቶ ጊዜ አልፌበታለሁ፤
ጩኸቴ ነው የሸፈነው።

ኢንጂነሩ መጣ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤
«በምን መሣሪያ አገኘኸው?»
ወደ ግራጫዋ በአገጬ ጠቆምኩት።
ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

ይህን ሳወራ ጀግና እንዳልመስል፦
በዚያው ማታ ከአዘዞ ስመለስ
የመጨረሻዋ መስመር ሺንታ ላይ ብልጭ ብላ ጠፋች።
ሠላሳ ኪሎ ብረት ከፊቴ፣ ዳገቱ ከብረቱ ፊት፣
ጉልበቴ ከሥር «ይኸው!» እያለ።
አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቀስ አለ፣
ልጁ አንገቱን አስግጎ፦
«ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ አይደለች እንዴ?»
«ናት፣» አልኩት፣ «ታዲያ መብራት ጠፍቷል።»
ሳቁ እስከ ኩርባው ተሰማኝ።

ከዚያ ጸጥ።
እየገፋሁ፣ እያረፍኩ፣ እየገፋሁ፣
ምናልባት ሌላ ሹክታ ካለ ብዬ
ጆሮዬን አስፋልቱ ላይ ጥዬ።